«ይቋቋማል» የተባለው ሰላጣ ዳውኒ ሚልዲው ለምን ያዘው?

ዳውኒ ሚልዲው የሰላጣ ቅጠልን የሚያጠቃ ሻጋታ መሰል በሽታ ነው። የዘሩ ፓኬት «ይቋቋማል» ቢልም ሰላጣዎ የታመመው ዘሩ የውሸት ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ዝርያው የሚቋቋመው የተፈተነባቸውን የበሽታውን ሬሶች (ንዑስ ዓይነቶች) ብቻ ነው፤ አዲስ ሬስ ሲመጣ መከላከያውን ሰብሮ ይገባል።

1. ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ከላይ ቢጫው በቅጠሉ ጅማቶች ተከልሎ ማዕዘን ከሠራ፣ ከሥሩም ነጭ ሻጋታ ካለ ዳውኒ ሚልዲው ነው። ከላይ በኩል ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ግን ፓውደሪ ሚልዲው የተባለ ሌላ በሽታ ነው፤ ፓኬቱ ላይ ያለው የዳውኒ ሚልዲው መቋቋም እሱን አይመለከትም።

2. ፓኬቱ ላይ ኮዱን ይፈልጉ። «ቢኤል 16-36 ኢዩ» (Bl: 16-36EU፤ «ቢኤል» የበሽታው ሳይንሳዊ ስም ምህጻር ነው) ካለ በአውሮፓ ቁጥር ከ16 እስከ 36 ያሉትን ሬሶች ይቋቋማል፤ ለ37ኛው ዋስትና የለም። «ዩኤስ» የሚለው የአሜሪካ ቁጥር ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

3. የታመመውን ቅጠል ለቅመው ከማሳው ያርቁ። ውኃ ጠዋት፣ ከሥር ያጠጡ። ማታ ካጠጡ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ በሽታው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አደራ፣ መደቡን ሁሉ በአንድ ዝርያ አይሙሉት። ስማቸው የተለያየ ሁለት ዝርያዎች አንድ ዓይነት የመቋቋም ጂን ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ሲገዙ ጂናቸው የተለያየ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ።