ጌም ላይ ለሞተ ሰው አለቀስኩ፤ ታምሜ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም እጫወታለሁ፤ ሥራዬን አስትቶኝ ግን አያውቅም። ባለፈው ወር ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን፣ ስለ ድሮ የአሜሪካ ሽፍቶች የሚተርከውን ጌም ጨረስኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋን በሳንባ ነቀርሳ እየመነመነ ሄዶ ሲሞት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፈረሱ ሲሞትማ ጭራሽ አልቻልኩም፤ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ከክፍሉ ወጣሁ። ሚስቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጌም መጀመር አቅቶኛል። የጌሙን ሙዚቃ ስሰማ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲልም መንገዱና ፈረሱ ዓይኔ ላይ ይመጣሉ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት በሳንባ ሕመም ሲያርፍ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ለወላጅ አባቴ ያላፈሰስኩትን እንባ ለስክሪን ሰው ማፍሰሴ ጤና ነው? ጌም መጫወት ላቁም? ደግሞ የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፤ ይህንኑ ጌም ካልገዛህልኝ እያለ ያስቸግረኛል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጌሙን ገና ያልጨረሳችሁ አንባቢዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጨረሻው ከወጣ ወጥቷል፣ እኔ ብደብቀው ትርጉም የለውም።

ቁርጡን ልንገርዎት፤ ከጻፉልኝ ውስጥ የአእምሮ ሕመም የሚባል ነገር አላየሁም። ሥራዎን ይሠራሉ፣ ከሚስትዎ ጋር ይነጋገራሉ። አንድ ታሪክ አንጀትዎን በልቶታል፤ እግረ መንገዱንም የቆየ ነገር ቀስቅሶብዎታል። "ጌም እኮ ነው፣ ምን ያስለቅሳል?" የሚልዎትን ሰው ግን አይስሙት። ይህን አባባል አንዳንዴ ከሙያ ባልደረቦቼም አፍ እሰማዋለሁ፤ ከአንጎላችን አሠራር ጋር ግን አይገጥምም።

አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ለስሜት ቀድሞ የሚነሣ ነው። የሚያስል ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ የገረጣ ፊት ሲያይ፣ ነገሩ እውነት ይሁን ታሪክ እስኪጣራለት ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ልብ ይመታል፣ ጉሮሮ ይተናነቃል፣ አድሬናሊን ይለቀቃል። ይኸው የስሜት ማዕበል ሂፖካምፐስ የተባለው ትዝታ የሚያደራጀው ክፍል ያን ቅጽበት አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ነው ትናንት ምን እንደበላን ረስተን ከዓመታት በፊት ያስለቀሰንን ነገር ከነድምፁ የምናስታውሰው። እስከዚህ ድረስ ፊልምም መጽሐፍም ያደርገዋል። ጌም ግን ሁለት ነገር ይጨምርበታል።

አንዱ ጊዜ ነው። ፊልም በሁለት ሰዓት ያልቃል። እርስዎ የጨረሱት ጌም ዋናው ታሪክ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አደኑን፣ ዓሣ ማጥመዱን፣ ዝም ብሎ በፈረስ መንከራተቱን ሲጨምሩበት ከዚያም ያልፋል። አርተርን ያበሉት እርስዎ ነዎት፤ ጢሙን የላጩት፣ ፈረሱን ቦርሸው ያበሉት እርስዎ ነዎት። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ገና በ1956 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የራዲዮ አድማጮችና የቴሌቪዥን ተመልካቾች በድምፅ ወይም በስክሪን ብቻ ከሚያውቁት ሰው ጋር እንዴት እንደሚወዳጁ ጽፈዋል። ያኔ ተመልካቹ ከማየት ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ሲንከባከቡት የከረሙትን ፍጡር ማጣት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከዚህ ይገምቱ።

ሌላው እጅ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝም ይሄኛው ነው። ጌም ተጫዋች ሲያወራ ሰምተው ከሆነ "ገጸ ባሕርዩ ሞተ" አይልም፤ "ሞትኩ" ነው የሚለው። በ2013 የወጣ ብራዘርስ የተባለ አጭር ጌም አለ። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳሉ። ታላቁን በግራ እጅዎ፣ ታናሹን በቀኝ እጅዎ ነው የሚነዱት። ታናሹ ውኃ ይፈራል፤ ወንዝ ሲያጋጥማቸው የታላቁ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። ከዚያ ታላቁ ይሞታል። ግራ እጅዎ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በመመለሻው ላይ ታናሹ ብቻውን ውኃው ዳር ይደርሳል። የራሱን ቁልፍ ቢጫኑ አይንቀሳቀስም፣ ደግመው ቢጫኑም እንደዚያው። የሞተውን ወንድም ቁልፍ በግራ እጅዎ ሲጫኑ ብቻ ልጁ ውኃው ውስጥ ገብቶ ይዋኛል። ማንም ምንም አላስረዳም፤ ሐዘኑ የደረሰው በጣት በኩል ነው። መጽሐፍ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በጣት በኩል የሚመጣው ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ጸጸትም ይመጣል። በ2012 በወጣው ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን ተጫዋቹ ጠላት ነው ብሎ ነጭ ፎስፈረስ የተባለ የሚያቃጥል ኬሚካል ያዘንባል፤ ጭሱ ሲገለጥ ግን የተቃጠሉ ሲቪሎች መሐል ይራመዳል። በ2014 የወጣው ዲስ ዋር ኦፍ ማይን ደግሞ ከቦስኒያዋ ከተማ ከሳራዬቮ ከበባ በመነሣት የተሠራ ነው። በጦርነት መሐል የተያዙ ሲቪሎችን ሕይወት ለማቆየት ይሞክራሉ፤ ከምርጫዎችዎ አንዱ የሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ምግብና መድኃኒት መዝረፍ ነው። ከዘረፉ ሰውዎ ከመጸጸቱ የተነሣ ድባቴ ውስጥ ይገባል። ፊልም አይተን ለገዳዩ እንቆጣለን። እዚህ ግን ቁልፉን የተጫነው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

አርተርንም ይህን ዓይን ይዘው ይመልከቱት። በሽታው የተጋባበት ብድር ሊያስከፍል ሄዶ አንድ ታማሚ ገበሬ ሲደበድብ፣ ሰውየው ደም የቀላቀለ ሳል ፊቱ ላይ ሲስልበት ነው። ያን ቡጢ ያሰነዘሩት እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ያለው ሳል ሁሉ ከዚያች ቀን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሠሪዎቹም ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው። (የሐኪም አመሌ አልለቅ ስላለኝ፦ በእውነተኛው ዓለም ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ከተጋባ በኋላም እንደ ጌሙ በዚህ ፍጥነት ሰው የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ታሪኩ የተቀመጠው በ1899 ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ያስታወቀው በ1882 ቢሆንም፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የተገኘው በ1943 ስለሆነ ሐኪሙ አርተርን የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም። ዛሬ ቢሆን በተለመደው የስድስት ወር መድኃኒት ይድን ነበር።)

አሁን ወደ አባትዎ። ስለ ቀብሩ ብዙ አልጻፉልኝም፤ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎችን በክፍሌ ውስጥ በብዛት አያቸዋለሁ። ቤተሰቡን የሚያረጋጋው፣ ወረቀቱን የሚጨርሰው፣ እንግዳ የሚቀበለው ሰው ብዙውን ጊዜ አያለቅስም። ስላልወደደ አይደለም፤ እሱ ከወደቀ ሁሉ የሚወድቅ ስለሚመስለው ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የለቅሶው ጊዜ አልፏል ይባላል። እርስዎ እርምዎን አላወጡም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ማታ ብቻዎን ተቀምጠው፣ የሚያጽናኑት ሰው በሌለበት፣ ጎልማሳ ሰው በሳንባው እያሳለ ክብደቱ ሲቀንስና ፊቱ ሲጠወልግ ለብዙ ሰዓት ተመለከቱ። እንባው ለአርተር ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ቢሆንስ ምን ያሳፍራል?

ጌም ለእውነተኛ ሐዘን መንገድ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት ሁሉ እኔን የነካኝ በ2016 የወጣው ዛት ድራገን፣ ካንሰር ነው። ራያንና ኤሚ ግሪን የተባሉ ባልና ሚስት በአንጎል ካንሰር ስለታመመ ትንሽ ልጃቸው መሥራት የጀመሩት ልጁ በሕይወት ሳለ ነበር፤ በ2014 ዐረፈ። አንድ ትዕይንት አለው፤ ሌሊት ነው፣ የሆስፒታል ክፍል ነው፣ ልጁ ያለቅሳል። ተጫዋቹ ያባብለዋል፣ የሚጠጣ ይሰጠዋል፣ ይንጎራደዳል። የፈለገውን ቢያደርግ ልቅሶው አይቆምም። ጌም ማለት "ትክክለኛውን ነገር ካደረግህ ታሸንፋለህ" የሚል ነገር ነው፤ እነሱ ማሸነፊያውን አወጡለት። የሕፃናት ክፍል ውስጥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ያን ልቅሶ ያውቀዋል።

እንቅልፍ ሊወስድዎት ሲል የሚመጣብዎት ምስል አያስደንግጥዎት። በ2000 የእንቅልፍ ተመራማሪው ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ቴትሪስ የተባለውን፣ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የማገጣጠም ጌም አጫውተው ነበር፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ሲያዳፋቸው የሚወርዱትን ቅርጾች አዩ። ከመሐላቸው የማስታወስ ችሎታቸው ተጎድቶ ጌሙን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም የሚበዙት ቅርጾቹን አይተዋል። አንጎል የቀኑን ልምድ የሚያደራጅበት መንገድ ነው፤ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት በፊት ስክሪኑን ቢዘጉ ለእንቅልፍዎ ሊረዳ ይችላል።

ጌም ያቁሙ አልልዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የበሽታዎች መዘርዝር የጌም ሱስን እንደ ሕመም ይዞታል፤ ግን መለኪያው ሌላ ነው። ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ከሥራና ከቤተሰብ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። እርስዎ ጭራሽ መጀመርም አቅቶዎታል። ጥቂት ይቆዩ፤ ፍላጎቱ ራሱ ይመጣል። ከአርተር ሞት በኋላ ባለው የጌሙ ክፍል መቃብሩን መጎብኘት እንደሚቻል ያውቁ ይሆናል፤ ብዙ ተጫዋቾች ይሄዳሉ፣ ክፋት የለውም። እኔ የምመክርዎት ግን መጀመሪያ የአባትዎን መቃብር እንዲጎበኙ ነው። ከቻሉ ከሚስትዎ ጋር ይሂዱ። እናትዎ ካሉም የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዴት እንደነበሩ ይጠይቋቸው፤ ሁለታችሁም አንዳችሁ ሌላውን ላለማስከፋት ዝም ብላችሁ ከርማችሁ ይሆናል።

ወደ ባለሙያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ቀኑን ሙሉ የሚጫን ድባቴ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። የአባትዎ ናፍቆት በየቀኑ እያንገበገበ ሥራም ቤትም የሚያስፈታ ከሆነም እንደዚያው፤ ከስድስት ወር ያለፈ እንዲህ ያለ ሐዘን የራሱ ሕክምና አለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ ይጠብቅ። ጌሙ በአውሮፓ ከ18፣ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በላይ ላሉ ተብሎ የተመደበ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ አይገባውም። ልጁ ቢያኮርፍም አንድ ሰሞን ነው።

የደረትዎ ነገር ቀርቶኛል። ሙዚቃውን ሲሰሙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ስሜት ነው። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ የሚብስ፣ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ግን በጌም አያሳብቡት፤ የልብ ምርመራ ያድርጉ። አባትዎ ያረፉበት የሳንባ ሕመም ምን እንደሆነም አልነገሩኝም። ቲቢ ከነበረ አብረዋቸው በአንድ ቤት የኖራችሁ ሁሉ መመርመር ይገባችሁ ነበር፤ እስካሁን ካልተመረመራችሁ አሁንም አልረፈደም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ካለ የአክታ ምርመራ ሳያደርግ አይቆይ።