ለመታገስም ሂሳብ ያስፈልጋል

ልጆች፣ የሶማሊያ ዜና በመጣ ቁጥር «እነሱ ደግሞ መቼ ሊሻላቸው!» ስትሉ እሰማለሁ። አልፈርድባችሁም። ዚያድ ባሬ በ1991 ከወደቁ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያልተሞከረ ነገር የለም። በ1993 እዚሁ አዲስ አበባ 15 አንጃዎች ፈረሙ፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም። ሶደሬ ላይም ተሞከረ። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኬንያ። በ2006 ፓርላማው ባይደዋ ውስጥ በእህል መጋዘን ነበር የተሰበሰበው። ሞቃዲሾ የት ተገብቶ!

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲት ሥራ ነው። ከዚያ የቀረኝ አመል አለ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ይዤ አልፈርድም፣ የበፊቱን መዝገብ አጠገቡ እዘረጋለሁ። በ2012 የፓርላማ አባላቱን የመረጡት 135 የጎሳ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ2016 ለታችኛው ምክር ቤት መራጮቹ 14,025 ሆኑ፣ ለአንድ ወንበር 51 ሰው። በቀጣዩ ዙር ለአንድ ወንበር 101 ደረሱ። ድምፅ በገንዘብ ሲሸጥ እንደነበር ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብሎ ፓርላማ መምረጥ ከ1969 በኋላ ለአሥርት ዓመታት አልነበረም። ቢሆንም ከ135 ይሻላል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የወታደሩ ደሞዝ ነው። ድሮ ብሩ በአዛዡ እጅ ያልፋል። አዛዡ የሌለ ወታደር ስም ይጽፋል፣ ያለውን ደግሞ ይቆርጥበታል። ከዚያ የጣት አሻራ እየተወሰደ ወታደሩ ተመዘገበ፣ ደሞዙም በቀጥታ ባንክ ሂሳቡ ውስጥ መግባት ጀመረ። ይሄ ዜና ሆኖ ሲጮህ ሰምታችኋል? አልሰማችሁም። በ2023 መጨረሻ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሲሰረዝላቸው ግን ሁሉም አጨበጨበ። አበዳሪዎቹ ዕዳውን የሰረዙት አዝነው ብቻ አይደለም። የደሞዙንና የግብሩን መዝገብ ዓመታት ሙሉ ሲመረምሩ ቆይተው ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ የሚያባብላችሁ ባለሥልጣን ሲመጣ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንቁላሉ ገምቶ ከሆነ ዕድሜ ልክ ብትጠብቁትም አይሄድም። በ2021 የፕሬዚዳንት ፋርማጆ ዘመን ካበቃ በኋላ ምርጫው አልደረሰም ተባለ። ሚያዝያ ላይ የታችኛው ምክር ቤት ሁለት ዓመት ጨመረላቸው። ምክንያቱ ቢሰማ ደግሞ ያማረ ነው፤ ለቀጥታ ምርጫ መዘጋጃ ጊዜ ነው አሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ሰበብ በሥራ ዘመኔ ከስንቱ ሥራ አስኪያጅ ሰምቻለሁ! ሰነዱ ሲጠየቅ ሁሌ «ሊደርስ ነው»።

ሞቃዲሾ ግን አልታገሰችም። ወታደሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ከተማው ውስጥ ተታኮሰ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ሸሸ። ውድ ዋጋ ነው፣ ለማንም አልመኘውም። ግን በቀናት ውስጥ ያው ምክር ቤት ተሰብስቦ የጨመረውን ሁለት ዓመት መልሶ ሰረዘ። በግንቦት 2022 ምርጫው ተካሄደ፣ ፋርማጆ ተሸነፉ፣ ሥልጣኑንም ለአሸናፊው ሐሰን ሼክ አስረከቡ።