«እሷ ግን ትለያለች»

ጥያቄ፦ አጎቴ የአንድን ብሔር ሰዎች በጅምላ «አታላዮች ናቸው» ይላሉ። ጎረቤታችን ከዚያው ብሔር ናቸው፤ አጎቴ ግን ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ አደራ የሚሰጡት ለእሳቸው ነው። ይህን ሳነሳባቸው «እሷ ትለያለች» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጎረቤትዎን ማስረጃ ማድረግዎን ይተዉ። አንድ ሰው በሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ ሲገኝ አእምሮ እምነቱን ከመቀየር ይልቅ ሰውየውን ከጅምላው ለይቶ ያወጣዋል። ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1954 (እ.ኤ.አ.) ይህን ከአጥር ጋር አመሳስሎታል፦ ለእሷ ብቻ ይከፈታል፣ ወዲያው ተመልሶ ይታጠራል።

የእምነቱ አንዱ ምንጭ የቆጠራ ስህተት ነው። ሃሚልተንና ጊፎርድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1976 (እ.ኤ.አ.) ለሰዎች 39 ዐረፍተ ነገሮች አስነበቡ። ስለ «ሀ» ቡድን 18 መልካምና 8 መጥፎ ሥራ፣ ስለ «ለ» ደግሞ 9 መልካምና 4 መጥፎ ሥራ ይገልጻሉ። ሚዛኑ አንድ ነው። አንባቢዎቹ ግን ለትንሹ ቡድን ከድርሻው በላይ ጥፋት ቆጠሩለት፤ ጥቂት የሆኑ ሰዎች የሠሩት ያልተለመደ ጥፋት ዓይን ይስባል፣ ቶሎም ትዝ ይላል። ልብ ይበሉ፣ ቡድኖቹ ከፊደል በቀር ስም እንኳ አልነበራቸውም!

ሰበቡ ከዚያ ይከተላል። ዋጋ የቆለለው ባለ ባጃጅ «የእኛው ልጅ» ከሆነ ኑሮ ከብዶበት ነው፤ «የእነሱ» ከሆነ ዘሩ ነው።

አጎትዎን ቡና ላይ፣ ሰው ፊት አይሞግቱ። «ዘረኛ» የሚለውን ቃልም አያንሡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበስቡት መከላከያ ብቻ ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ «ማን አታለለዎት? ስንት ጊዜ? ከእኛ ሰዎችስ ያታለለዎት የለም?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። እሳቸው ይቁጠሩ። በእርግጥ የተታለሉበት ቀን ካለ አያስተባብሉ፤ «ያ ሰውዬ በድሎዎታል» ይበሉ። አለዚያ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

ሌላ ቀን ደግሞ ከአንዷ ምርጥ ጎረቤት ይልቅ ብዙ ተራ ሰዎችን እያነሡ ያጫውቷቸው፦ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ መልስ አስተካክላ የሰጠቻቸውን ዓሣ ሻጭ፣ የተረሳ ስልክ የመለሰውን ባለ ባጃጅ፣ ዕቁባቸውን በጊዜው የሚከፍሉትን። ተቃራኒው ማስረጃ በብዙ ሰው ላይ ሲበተን «ይለያሉ» ብሎ ሁሉንም ማውጣት ይከብዳል። ፍጹማን አድርገው ግን አይሳሏቸው፤ ያኔ እነሱም በአጥሩ ይወጣሉ።

«ልክ ነሽ» የሚል መልስ አይጠብቁ። «ሁሉም» ያሉት ሰው አንድ ቀን «አንዳንዶቹ» ካሉ፣ በዚያው ቀን አያርሟቸው።