እድርና ጽዋ ማኅበር እንዴት ይገባል? ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደብረ ብርሃን የአንድ የሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ወር በገባ በ12 ደግሞ የሚካኤልን ጽዋ ከምንጠጣ ማኅበርተኞች ጋር እቀመጣለሁ። ከተማው ፋብሪካ ከበዛበት ወዲህ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ልግባ?» ይለኛል፤ ከወረዳዎቹም የሚጠይቁኝ አሉ። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ደንብ ከእድር እድር ስለሚለያይ፣ ስለ ገንዘቡ ልክ የየራሳችሁን ጸሐፊ ጠይቁ።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ ለሥራ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የምኖረውም በኪራይ ቤት ነው። እድር ይቀበለኛል?

ይቀበልሃል። የቤት ካርታ አምጣ የሚልህ የለም። መጀመሪያ አከራይህን አማክር፤ አብዛኛውን ጊዜ አባል ናቸው። በወሩ የስብሰባ እሑድ ይዘውህ ይምጡ። ዳኛው፣ ማለትም የእድሩ ሰብሳቢ፣ ያስነሡህና ስምህን፣ የት እንደምትሠራ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ይጠይቁሃል። ቀጥሎ ወደ ተሰብሳቢው ዞረው «ይህን ሰው የሚያውቀው ማነው?» ይላሉ። አንድ ሰው እንኳ እጁን ካላወጣ ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ያድራል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጣ፤ ሠፈሩ ውስጥ ለቅሶ ካለ አባል ባትሆንም ድረስ። እኔ በጸሐፊነት ዘመኔ ለቅሶ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሰው በቀላሉ ሲገባ አላየሁም።

ስትመዘገብ ቅጹ ላይ አትቸኩል። የባለቤትህን፣ የልጆችህን፣ የአባትና የእናትህን፣ እንደ ደንቡም የወንድምና የእህትህን ስም ትሞላለህ። ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ያሳደገችህ አክስትህ ከሆነች «እናት» ብለህ ልታስመዘግባት ትችል እንደሆነ አሁን ጠይቅ፤ ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል። ቅጹ ላይ ለሌለ ሰው ገንዘብ አይወጣም። እናንተ በሐዘን ላይ ሆናችሁ ይህን መናገር ለጸሐፊም ቀላል አይደለም።

ከዚያው ከጠባሴ፦ የመግቢያው ክፍያ ከወር መዋጮው በብዙ ይበልጣል። ለምን?

ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ነባሮቹ ከዓመታት መዋጮ ገዝተውታል። አንተ ስትገባ የንብረቱ ባለድርሻ ትሆናለህና ድርሻህን ትከፍላለህ። ባንዴ ካልተቻለህ ከፋፍለህ እንድትከፍል ጠይቅ፤ ብዙዎቹ እድሮች ይፈቅዳሉ። ብዙ ደንቦች የጥበቃ ጊዜም አላቸው፤ ከተመዘገብክ በኋላ የተወሰኑ ወራት ሳይሞሉ ሐዘን ቢደርስብህ ሰው ይደርስልሃል እንጂ ገንዘቡ አይከፈልህም። ይህ የተደረገው ቤቱ በሽተኛ ሲተኛበት ብቻ እድር ትዝ ለሚለው ሰው ነው።

የፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ቀብር ላይ መገኘት ስለማልችል ቅጣቱን እየከፈልኩ ብቀጥልስ?

ይህን ጥያቄ አልወደውም። ቅጣት የተቀመጠው መቅረትን በገንዘብ ለመግዛት አይደለም። ጥሩምባው ሌሊት ሲነፋ የሚነሣው ሰውም ሥራ አለው። ከቀብር መልስ ስም ሲጠራ «የለም፣ የለም» እየተባለ የሚታለፍ አባል፣ ተራው ሲደርስ የሚሸከምለት ሊያንስ እንደሚችል ይወቅ።

መፍትሔው ግን አለ። ቀን የማይመችህ ከሆነ ሌሊቱን ውሰድ። ድንኳን ውስጥ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር ሰው ሁልጊዜ ያጥራል፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ድንኳኑን አልፎ ጋቢ ሲያርስ። ፈረቃህን ለዳኛው አስቀድመህ ንገርና ማደሪያውን ተቀበል። እኛ ጋ እንዲህ ያደረገ ወጣት አለ፤ በቀብር ስም ጥሪ ቢታጣም አንድም ሰው አይከሰውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሙስሊም ነኝ፤ የሰፈራችን እድርተኞች ደግሞ ሁለቱም ሃይማኖት አለባቸው። ብገባ ይከብዳል?

የሰፈር እድር ከሆነ ግባ። ሐዘን ሲደርስ የየሃይማኖቱ ሥርዓት በየሃይማኖቱ ይፈጸማል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ጉልበቱ የጋራ ነው። ሁለት ነገር ግን በደንቡ ላይ መጻፉን አይተህ ግባ፤ አንደኛው ምግቡ፣ በተለይ እርዱ፣ እንዴት እንደሚለይ፤ ሁለተኛው የእናንተ ቀብር ቶሎ የሚፈጸም በመሆኑ ገንዘቡ በዚያው ቀን እንዴት እንደሚወጣ። ጽዋ ማኅበር ግን የቤተ ክርስቲያን ነውና እዚያ ላይ ጥያቄው አይነሣም።

ከመሐል ሜዳ፦ አባባ፣ ጽዋ ማኅበር ለመግባት የሚመዘገቡበት ቦታ የት ነው?

መዝገብ የለውም ልጄ፤ ሰው ነው የሚያስገባህ። የቅዱሱን ስም ከመምረጥህ በፊት ማኅበርተኞቹን እያቸው። የሥላሴ በ7፣ የሚካኤል በ12፣ የገብርኤል በ19፣ የማርያም በ21፣ የመድኃኔ ዓለም በ27 እያልክ ቀን ከመቁጠርህ በፊት፣ እነማን ቤት በየወሩ መግባት እንደምትችል፣ እነማንስ አንተ ቤት ቢመጡ ደስ እንደሚልህ አስብ። ብዙ ማኅበር አባላቱን በ12 ይወስናል፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲደግስ ነው። ስለዚህ «ቦታ የለም» ቢሉህ ንቀት አይደለም።

አገባቡ እኛ ጋ እንዲህ ነው። የምታውቀው ማኅበርተኛ አስቀድሞ ለሙሴው ይነግርልሃል። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። በቀኑ ወደ ተረኛው ቤት ትመጣለህ። ዳቦው በመሶብ፣ ጠላው በጽዋው ማሰሮ፣ ሁለቱም በነጭ ነጠላ ተሸፍነው ይጠብቁሃል። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከድርሳነ ሚካኤል የወሩ ይነበባል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል። የተጣሉ ማኅበርተኞች ካሉ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ይታረቃሉ፤ ሙሴው ይህን እንዲያው አያልፈውም። አንድ ዓመት በድንበር የተኳረፉ ሁለት ሰዎች አልታረቅም ብለው ዳቦው እስኪደርቅ አስጠብቀውናል።

ጽዋው ከዞረ በኋላ ሙሴው «ይህ ወንድማችን ልግባ ይላል፤ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ዝም ካሉ ገባህ ማለት ነው። ቅር ያለው ሰው ካለ እዚያው አይናገርም፤ ለሙሴው በኋላ ይነግረዋል፤ አንተም በሚቀጥለው ወር መልሱን ትሰማለህ። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ይነሣና ማሰሮውን ከነሽፋኑ ይቀበላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አዲስ ገቢ ወዲያው አይሰጠውም፤ ተራው እስኪደርስ ድረስ እየጠጣና እየረዳ ይቆያል።

ከደብረ ሲና፦ ድግሱ ያስፈራኛል። ጠላ መጥመቅ አልችልም፤ ቢራ ባቀርብስ?

ለጽዋው አይሆንም። ለሌላው እንግዳ ብታቀርቢ የእኛ ሽማግሌዎች ያጉረመርማሉ እንጂ አይከለክሉም፤ እኔ ራሴ ከአጉረምራሚዎቹ ነኝ። ማኅበሩ የሚፈልገው ጠላና ድፎ ዳቦ ነው። ብቅልና ጌሾ ገበያ ላይ አለ፤ ማኅበርተኛ የሆነች ሴት ብትለምኛት ጥንስሱን መጥታ ታሳይሻለች። በደጋው ብርድ ጠላ ቶሎ አይደርስምና ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠንስሺ። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም አጽዋማት ላይ ከዋለ ምግቡ የጾም ነው፤ ወጪውም ያንሳል። ከአቅም በላይ የደገሰ ሰው የሚያስቸግረው ከእሱ ቀጥሎ የሚደግሰውን ድሃ ነው።

ያላገባሁ ሴት ነኝ፤ ብቻዬን እድር መግባት እችላለሁ?

ትችያለሽ። በራስሽ ስም ተመዝገቢ፤ በወንድምሽ ስር አትግቢ። የሴቶቹን እድርም ጨምሪ፤ እንጀራው፣ ንፍሮውና ቡናው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከአንኮበር፦ አባቴ አርፏል፤ ማኅበርተኛ ነበር። ቦታው ለእኔ ይሆናል?

ብዙ ማኅበር ልጅን ወይም ባለቤትን በሟች ቦታ ያስገባል፤ ግን ሳትጠይቅ አትቀመጥ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ለሙሴው «የአባቴን ጽዋ ልጠጣ» በል። ወንድሞችህ ካሉ ከመካከላችሁ ማን እንደሚገባ ቤት ውስጥ ጨርሳችሁ ኑ። ሁለታችሁም ከመጣችሁ ሙሴው ሁለታችሁንም ይመልሳችኋል።

ወደ አዲስ አበባ ልዘዋወር ነው። ከእድር ስወጣ የከፈልኩት ይመለስልኛል?

ወርኃዊው አይመለስም፤ በእነዚያ ወራት ለሌሎች ሐዘን ወጥቷል። የንብረት ድርሻውን የሚመልስ እድር አለ፤ የማይመልስም አለ። ከመሄድህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ፦ ወላጆችህ እዚሁ ከቀሩ መዋጮህን የሚያደርስልህና በስምህ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ ተክተህ በስብሰባ አስመዝግበው። ይህን የማያደርጉ ሰዎች ውዝፍ ይከማችባቸውና ስማቸው ይሰረዛል፤ የሚሰሙትም የአባታቸው ቀብር ዕለት ነው።