ስክራብልና ያረጁ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ጥያቄና መልስ

ስክራብል ተጫዋቾች የደረሷቸውን ሰባት የፊደል ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚያገኙበት ጨዋታ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ወዳጆች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማንም የማይናገረው፣ መዝገበ ቃላቱም ራሱ «ጥንታዊ» የሚል ምልክት ያደረገበት ቃል በሰሌዳው ላይ እንዴት ይፈቀዳል?

መልስ፦ ዳኛው የሚመለከተው ቃሉ ለውድድሩ በተመረጠው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ብቻ ስለሆነ ይፈቀዳል። በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት ዝርዝርና በብሪታንያ የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር ግን ይለያያሉ፤ የኮሊንሱ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ የስኮትላንድ ቃላትና ከሼክስፒር ዘመን የቀሩ አጻጻፎች በብዛት የሚገኙት በእርሱ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው እንደምትዳኙ ተስማሙ፤ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አናባቢ ፊደል ጨርሶ ሳይደርሰኝ ሲቀር ተራዬን ከማለፍ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

መልስ፦ የዌልስን ቋንቋ ያመስግኑ። በዌልስ አጻጻፍ ደብሊው እንደ አናባቢ ስለሚያገለግል፣ ሲ፣ ደብሊው እና ኤም ብቻቸውን «ኩም» የሚል ቃል ይሠራሉ፤ ትርጉሙ የበረዶ ግግር በተራራ ጎን ላይ የቦረቦረው፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ጎድጓዳ ሸለቆ ማለት ነው። በኤቨረስት ላይ «ዌስተርን ኩም» የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሁለተኛው ሲ፣ አር፣ ደብሊው፣ ቲ እና ኤች ተብሎ የሚጻፈው «ክሩዝ» ሲሆን፣ የቆየ የዌልስ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ቅርጹ የክራር ዘመድ ሆኖ፣ እንደ መሰንቆ በደጋን ይገዘገዛል። የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 13 ነጥብ ያስገኛል።

ጥያቄ፦ «ዛክስ» የሚባል ቃል በእርግጥ አለ ወይስ ተጫዋቾች የፈጠሩት ነው?

መልስ፦ አለ፤ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚቆርጡበትና ለምስማር የሚበሱበት መሣሪያ ነው። ቃሉ የመጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቢላዋ ማለት ከነበረው «ሴአክስ» ነው፤ የሳክሰን ሕዝብ ስምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዜድ 10፣ ኤክስ 8 ስለሆኑ በሦስት ፊደል 19 ነጥብ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የፊደላቱን ነጥብ ማን ወሰነው?

መልስ፦ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ ቀውሱ ሥራ ያጣው አሜሪካዊ አርክቴክት አልፍሬድ ባትስ ነው፤ ፊደላቱ በጋዜጣ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ቆጥሮ፣ ብርቅ የሆነውን ፊደል ውድ አደረገው።

ጥያቄ፦ በዋይ የሚጀምረው «ኢክሌፕት» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ «የተሰኘ» ማለት ነው። መነሻ ላይ የተቀመጠው ዋይ፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በግሦች ፊት ይገባ የነበረው ቅጥያ ቅሪት ነው፤ በጀርመንኛ ተመሳሳዩ ቅጥያ እስከ ዛሬ ይሠራል። «የለበሰ» ማለት የሆነው «ኢክላድ»ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ዋይን ከተነባቢዎች ጋር ታቅፎ ለተቀመጠ ተጫዋች ሁለቱም መውጫ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር የገቡ ቃላት አሉ?

መልስ፦ አሉ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው «ብር»ን ነው። ቢ፣ አይ እና ሁለት አር ተብሎ ይጻፋል፤ ይኸው አጻጻፍ ግን በስኮትላንድ ዘዬ እንደሚሽከረከር ነገር ማጉረምረምንም የሚያመለክት የቆየ ቃል ነው። በዚህኛው ትርጉሙ ግሥ ስለሆነ የእንግሊዝኛ የግሥ መድረሻዎችን ይቀበላል። ገንዘቡ ደግሞ በእንግሊዝኛው ኤስ ብቻ ሳይሆን በአማርኛው «ኦች» ጭምር ይበዛል፤ «ብሮች» በስምንት ፊደል፣ መጨረሻው ላይ ቲ፣ ሲ እና ኤች ተደርድረው፣ በሕጋዊው ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። በሰሌዳው ላይ ያለ አንድ ፊደል ተንተርሶ ሰባቱንም ጠጠሮቹን በዚህ ቃል ያወረደ ሰው የ50 ነጥብ ጉርሻውን ይወስዳል፤ ተጋጣሚው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ክርክር ማስነሳቱ አይቀርም።

«ጤፍ» በሁለት ኤፍ 10 ነጥብ ነው። «ጫት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በዓረብኛ ስሙ ቢሆንም፣ በኪው ሲጻፍ ዩ ስለማያስፈልገው፣ ኪው ይዞ ለተቸገረ መድኃኒት ነው። «ንጉሥ»ም ተመዝግቧል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ አጻጻፍ ከወይን፣ ከሙቅ ውኃ፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚዘጋጅ የእንግሊዞች መጠጥ አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1732 እ.ኤ.አ. ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ስለሆነ ከእኛ ነገሥታት ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ትርጉሙን ሳያውቁ ፊደሉን ብቻ መሸምደድ ይበቃል?

መልስ፦ ለማሸነፍ ይበቃል። ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችል የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የእርሱን ዓይነት የማስታወስ ችሎታ ላልታደልን ግን ታሪኩ ፊደሉን ይዞልን ይቆያል፤ ቢላዋውን ያወቀ ሰው «ዛክስ»ን አይረሳም።

ጥያቄ፦ ትርጉም ራሱ የሚያስፈልግበት ጨዋታስ የለም?

መልስ፦ «ባልደርዳሽ» አለላችሁ። አንዱ ተጫዋች ብርቅ ቃል ያወጣል፤ ሌሎቹ እውነት የሚመስል የሐሰት ትርጉም ጽፈው ይሰጡታል፤ ሁሉም ከእውነተኛው ጋር ተደባልቆ ሲነበብ፣ ብዙ ሰው ያታለለ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ሐሰቱን ስትጽፉ ቀልድ አታስገቡበት፤ አጭርና ደረቅ፣ ከተቻለም የአንድ ሙያ መሣሪያ ስም አስመስላችሁ ጻፉት።