ብሔራዊ የክብር ኒሻን ስለማቋቋም፦ ጥያቄና መልስ

የላቀ ሥራ ለሠሩ ዜጎች የሚሰጥ ብሔራዊ የኒሻን ሥርዓት እንዴት ይቋቋም በሚለው ጉዳይ ላይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች፣ በአንድ የሽልማት ኮሚቴ በጸሐፊነት ሳገለግል ካየሁትና ከልዩ ልዩ ሀገሮች ልምድ በመነሣት እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ የመሳፍንትን ማዕረግ በሌላ ስም መመለስ አይሆንም?

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ናፖሊዮን በ1802 ሌዥዮን ዶነር የተባለውን የፈረንሳይ ኒሻን ሲያቋቁም፣ የፈረንሳይ አብዮት የሻረው የመኳንንት ማዕረግ በጓሮ በር ሊመለስ ነው ብለው የተቃወሙት ጥቂት አልነበሩም። መፍትሔው ኒሻኑ እንዳይወረስ፣ ከስም ጋርም እንዳይጠራ በአዋጅ መደንገግ ነው። ሕገ መንግሥቷ ማዕረግ መስጠትን የሚከለክለው ሕንድም ጉዳዩን በፍርድ ቤት ጨርሳዋለች፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ብሔራዊ ሽልማቶቹ ማዕረግ እንዳልሆኑ፣ ተሸላሚዎችም ከስማቸው በፊትም ሆነ በኋላ ሊጽፏቸው እንደማይገባ ወስኗል።

ጥያቄ፦ ተሸላሚውን ማን ይምረጥ?

መልስ፦ የሥርዓቱ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ምርጫው በሥልጣን ላይ ባሉ ሰዎች እጅ ብቻ ሲወድቅ ኒሻን ውሎ አድሮ መሸጡ አይቀርም። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ በ1887 ከሥልጣን የወረዱት፣ አማቻቸው በኒሻን ሲነግድ በመገኘቱ ነበር፤ ብሪታንያም በ1925 የክብር ሽያጭን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ያወጣችው ገበያው ከደራ በኋላ ነው። በ1967 የተቋቋመው የካናዳ ኒሻን ግን ማንኛውም ዜጋ እንዲጠቁም ይፈቅዳል፤ ጥቆማውንም አንድ አማካሪ ምክር ቤት ይመረምራል። እኔም የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው።

ጥቆማውን የሚያነብ ሰው ግን ማኅተም እንዳያታልለው መጠንቀቅ አለበት። በአንድ ወቅት ሁለት ደብዳቤዎች ቀርበውልን ነበር። አንደኛው «ሕዝባቸውን ለረጅም ዓመታት በቅንነትና በትጋት አገልግለዋል» ይላል፤ ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ ሲሆን፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወንዝ በሞላባቸው ሌሊቶች በእግሯ ተሻግራ የደረሰችላቸውን እናቶች ቀኑን ከምስክሮቹ ጋር እየጠቀሰ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ክብ ማኅተም ስለነበረበት ብቻ ከፋይሉ አናት ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ጥያቄ፦ በዓመት ለስንት ሰው ይሰጥ?

መልስ፦ ቁጥሩ በደንቡ ይገደብ። የብሪታንያው ኦርደር ኦፍ ሜሪት ከ1902 ጀምሮ በሕይወት ካሉ 24 አባላት አያልፍም፤ የካናዳው ከፍተኛ ደረጃም 165 ነው። ዝቅ ያሉት ደረጃዎች ግን ሰፋ ቢሉ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም መምህሩና አዋላጇ ቦታ የሚያገኙት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ቢጨመርበትስ?

መልስ፦ አልደግፈውም፤ ገንዘብ ሲገባ ጥቆማው ወደ አቤቱታ ይለወጣል። በሌላ በኩል ኒሻን የድጋፍ ምትክ መሆን የለበትም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪ ሌዥዮን ዶነር ሊሰጣቸው ሲታሰብ፣ የሚያስፈልጋቸው ኒሻን ሳይሆን ቤተ ሙከራ እንደሆነ ገልጸው አልተቀበሉም። ስለዚህ የእጩው ፈቃድ ስሙ ይፋ ከመሆኑ በፊት በምስጢር ይጠየቅ፤ እምቢታውም በምስጢር ይያዝ።

ጥያቄ፦ ተሸላሚው በኋላ ወንጀል ሠርቶ ቢገኝስ?

መልስ፦ ኒሻኑን የመንጠቅ ሥልጣን ለመራጩ አካል ይሰጥ፤ ግለሰቡ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ያግኝ፤ ውሳኔውም ምክንያቱ ተጽፎ ይውጣ። ይህ ከመጀመሪያው ሽልማት በፊት በአዋጁ ካልሰፈረ፣ በኋላ የሚወጣው ድንጋጌ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ለሞቱ ሰዎች መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሕንድ ከፍተኛ ሽልማቷን ባራት ራትናን በ1966 ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ለላል ባሃዱር ሻስትሪ የሰጠችው ካረፉ በኋላ ነበር። ሆኖም አዲስ ሥርዓት ያለፉትን ታላላቆች ሁሉ ልሸልም ካለ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በክርክር ይፈጃል። እኔ ብሆን፣ ያረፈው ሰው በሕይወት ሳለ ተጠቁሞ ውሳኔ ሲጠብቅ የነበረ ካልሆነ በቀር በሕያዋን እጀምራለሁ።