የቃኘው ዘማች ቦርሳ ነው ሲሉህ መጀመሪያ ማንጠልጠያውን እይ

ወንድሜ፣ «ኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ዘማች የነበረ የሸራ ቦርሳና ኮዳ በ250 ዶላር ሊሸጡልኝ ነው፤ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለህ ጠይቀሃል። ገንዘብህን ገና አታውጣ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ 180 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን በነጻ ልንገርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1. ቀለሙን ተወው። ፀሐይ ላይ አንድ በጋ የዋለ ሸራ ሃምሳ ዓመት የኖረ ይመስላል። ሻይ ውስጥ የሚዘፈዝፉም አሉ።

2. ማንጠልጠያውን እይ። ቃኘው ኮሪያ የገባው በ1951 ነው። የታጠቀውም የአሜሪካን ትጥቅ ነው፣ ያውም በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን ዓይነት። ያኔ ኮዳ ዝናር ላይ የሚንጠለጠለው በሽቦ መንጠቆ ነበር። መንጠቆው ቀበቶው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። በ1956 በወጣው ትጥቅ ግን ሽቦው ቀረና ቀበቶውን አቅፎ የሚይዝ፣ የሚሸጎጥ ጠፍጣፋ ብረት መጣ። ጦርነቱ የቆመው በ1953 ነው። ሒሳቡን አንተው ሥራው።

እኔ ይህን ሒሳብ አልሠራሁም። ለምን መሰለህ? እሁድ ገበያ ላይ ያየሁት የወገብ ቦርሳ ክዳኑ ላይ በአማርኛ ስም ተጽፎበት ነበር! በቃ፣ ልቤ ቀለጠ። ሻጩ ፈረንጅ ነው፤ «ባለቤቱ ኮሪያ ውስጥ ፖርክ ቾፕ ሂል የሚባለው ኮረብታ ላይ የተዋጋ ኢትዮጵያዊ ነው» አለኝ። ዋጋ እንኳን አልተከራከርኩም። እኔ፣ መርካቶ ያደግኩ ሰው!

ቤት ገብቼ ክዳኑን ገልብጬ በባትሪ ሳየው የደበዘዘ ማኅተም አገኘሁ። ዲ.ኤስ.ኤ. 100 ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ 67 ይላል። ዲ.ኤስ.ኤ. የአሜሪካ መከላከያ የዕቃ አቅርቦት መሥሪያ ቤት ነበር፤ የተቋቋመው በ1961 ነው። 67ቱ ደግሞ ውሉ የተፈረመበት የበጀት ዓመት ነው። ስሙም የተጻፈው ክዳኑ ከተጣፈ በኋላ ነው፤ ቀለሙ በጥገናው ክር ላይ ሳይቋረጥ አልፏል። ይህ ሁሉ ገበያው ላይ ቆሜ በሁለት ደቂቃ የማየው ነገር ነበር።

ግን ፍትሕ እንስጠው፤ 67 ስላለ ብቻ የኢትዮጵያ ወታደር አልያዘውም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ትጥቅ ወደ አገራችን ለዓመታት ሲገባ ነበር። ሰውየው የሸጠልኝ ግን ኮሪያን ነው። ስመለስለት «እኔ ይመስላል ነው ያልኩህ» አለኝ። ከዚያ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገማች ቢሮ ሄድኩ። 40 ዶላር ተቀብሎኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ጥሩ ቦርሳ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ጥሩ ቦርሳ መሆኑን እኔም አላጣሁትም!

3. ክሩን በዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን በሚሰጥ) ባትሪ ፈትሽ ይሉሃል። የዘመኑ ክር ብዙ ጊዜ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የድሮው ጥጥ አያበራም። እውነት ነው፣ ግን ኦሞ የነካውም ያበራል። ስለዚህ ብቻውን አትመነው። ክር መዝዘው በእሳት የሚሞክሩትን ደግሞ አትስማ፤ ዕቃው እውነተኛ ከሆነ ምን ልትል ነው?

ኮዳው ይቀላል። ከጨርቁ አውጣውና ቂጡን እይ፤ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ ብረቱ ላይ ተመትቶበታል። እኔ ከዚያ ውርደት በኋላ 1943 የሚል ኮዳ ከነሽቦ መንጠቆው በ15 ዶላር አንሥቻለሁ። ሻጩ ምን እንደያዘ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ግን ጨርቁና ኮዳው ሁልጊዜ አብረው የተወለዱ አይደሉም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ተመልከት።

ፎቶ ስትለጥፍ የክዳኑን ውስጥ፣ የማንጠልጠያውን ጀርባና የኮዳውን ቂጥ አሳየን። በአማርኛ የተጻፈውን ስም መጨረሻ ላይ አድርገው።